መጤዎችና መሳዮች፦ በሽንት ሳይቶሎጂ የሚያሳስቱ ነገሮችን የመሰብሰብ ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ሥራዬ ሳይቶሎጂ ነው፤ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ እያዩ በሽታን፣ በተለይም ካንሰርን መፈለግ። ዛሬ በአንድ ስላይድ ላይ አርባ ደቂቃ ያህል አጠፋሁ። ናሙናው ሽንታቸው ደም የቀላቀለባቸው የአንድ አዛውንት ሲሆን፣ በስላይዱ ጠርዝ በኩል ክብ፣ ዙሪያውን በሾህ የታጠረ፣ ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ነገር ተቀምጦ አገኘሁ። አጠገቡ ካለው ቀይ የደም ሴል ጋር ሳስተያየው ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይሆናል። የጥገኛ ትል እንቁላል ነው እንዳልል መጠኑ አነሰብኝ፤ ፈንገስ ነው እንዳልል ደግሞ የሾሁ አሰላለፍ በማበጠሪያ የተበጠረ ያህል እኩል ነው። ዓይኔን ለማሳረፍ ቀና ስል ከመስኮቱ ውጭ ያለው ግቢ በአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል፤ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወርጄ አንድ አበባ ቀነጠስሁና በአዲስ ስላይድ ላይ አራገፍሁት። በ40 ኦብጀክቲቭ (40 እጥፍ በሚያጎላው የማይክሮስኮፕ ሌንስ) ሳየው ያው የሾህ ኳስ ነበር።

በዚህ ምክንያት አንድ ሥራ ለመጀመር ወሰንሁ። በሽንት ናሙና ውስጥ እየገቡ የሚያሳስቱንን ነገሮች እኔው ራሴ ሆን ብዬ በንጹሕ ሽንት ላይ እየጨመርሁ፣ እያቀለምሁና እያየሁ፣ ለዚህ ላቦራቶሪ የሚሆን የማመሳከሪያ ስላይድ ሣጥን አዘጋጃለሁ። በመጻሕፍት ያሉት ሥዕሎች ጥሩ ቢሆኑም፣ ሁለት የአየር ከረጢት ያንጠለጠለውን የፓይን ብናኝ ደጋግመው ያሳዩናል እንጂ በእኛ መስኮት የሚገባውን አያሳዩንም።

ለራሴ እንዲመቸኝ ሁለት ስም አውጥቻለሁ። ከሽንት ቧንቧና ከፊኛ ያልመጣውን፣ ማለትም ከአየር፣ ከዕቃ፣ ከእጅ ወይም ከማቅለሚያ የገባውን «መጤ» እለዋለሁ። ከራሱ ከታካሚው አካል የወጣ ሆኖ የካንሰር ሴል የሚመስለውን ግን «መሳይ» እለዋለሁ። መጤው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ቢያባክን ነው፤ መሳዩ ግን ሰው ያለ በሽታው ወደ ቀዶ ሕክምና ሊያስልክ ይችላል። (ይህን አገላለጽ በታኅሣሥ ወር ማረም ግድ ሆኖብኛል፤ ከታች ይመለከቷል።)

መስከረም 29

የአሠራሩን መሠረት ዛሬ አስተካከልሁ። የምጠቀመው የራሴን ሽንት ነው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ትቼ ሁለተኛውን ወሰድሁ፤ ምክንያቱም ሌሊቱን ሙሉ በፊኛ ውስጥ የቆዩ ሴሎች ስለሚፈራርሱ መልካቸው አይታመንም። መጠኑም ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ አደረግሁ። በቱቦዎች ከፋፍዬ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ ካዞርሁ በኋላ ዝቃጩን በስላይድ ላይ አሰራጭቼ፣ ሳይደርቅ ወዲያውኑ በ95 በመቶ አልኮል ውስጥ ነከርሁት። ከዚያ በኋላ ያለው ሴሎችን ለይቶ ለማየት የተለመደው የፓፓኒኮላው (በአጭሩ ፓፕ) ማቅለሚያ ነው። ከእያንዳንዱ መጤ ጋር ምንም ያልተጨመረበት አንድ ስላይድ አብሮ ይቀለማል፤ ያለ እርሱ የትኛው በእኔ እጅ፣ የትኛው በራሱ መንገድ እንደ ገባ ማወቅ አይቻልም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የአበባ ብናኞች ናቸው። አደዩ ከላይ እንደ ጻፍሁት ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ብናኝ ትንሽ ሲሆን፣ ፊት ለፊት ሲታይ ማዕዘኖቹ የደነዙ ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይስተውም። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የደብረ ብርሃንን ዙሪያ የሸፈነው ዛፍ በእኛ ስላይድ ላይ ቢገኝ ሊደንቀን አይገባም።

ያስቸገረኝ የጽድ ብናኝ ነው። ሾህም ከረጢትም የለውም፤ ክብ ብቻ ነው። ውሃ ሲነካው ውስጡ ያብጥና የውጭ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ይወልቃል። የቀረው አካል መካከሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ወፍራምና ጥርት ያለ ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ በ10 ኦብጀክቲቭ በችኮላ ለሚያልፍ ሰው ኒውክሊየሱ (የሴሉ አስኳል) የገነነ አንድ ብቸኛ ሴል ይመስላል። መለያው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥቁሩ ክፍል ምንም የክሮማቲን (በኒውክሊየስ ውስጥ ያለው የዘር ቁስ) ቅንጣት የማይታይበት ድፍን መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የወለቀው ቅርፊት እንደ ተከፈለ የባቄላ ገለባ ሆኖ በአቅራቢያው መገኘቱ ነው። ቅርፊቱን ፈልጉ ብዬ በመለያ ወረቀቱ ላይ ጽፌአለሁ።

ጥቅምት 13

ዱቄትና ክር። የእጅ ጓንት ዱቄት ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ነው። አሜሪካ ዱቄት ያለውን የሕክምና ጓንት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ብታግድም በእኛ መደርደሪያ ላይ ዛሬም አለ። ፍሬው በፓፕ ማቅለሚያ እምብዛም ቀለም አይቀበልም፤ መካከሉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ወይም ነጥብ ይታይበታል፤ ያላወቀ ሰው እርሾ ወይም የደበዘዘ ቀይ የደም ሴል ይለዋል።

ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) የለንምና ከተሰበረ የፀሐይ መነጽር ሁለት ቁራጭ ቆረጥሁ። መነጽሩ እውነተኛ ፖላራይዝድ መሆኑን ያረጋገጥሁት ሁለቱን መስታወቶች ደርቤ አንዱን ሳዞር ብርሃኑ ጥፍት ሲል ነው። አንዱን ከመብራቱ ላይ፣ ሌላውን ከስላይዱ በላይ አድርጌ እስኪጨልም አዞርሁት። በጨለማው ውስጥ የስታርቹ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው በጥቁር መስቀል ለአራት የተከፈሉ ነጭ ኮከቦች ሆነው ወጡ። ባልደረቦቼን ጠርቼ ሳሳያቸው ለጥቂት ጊዜ ሥራ ቆመ።

ነገር ግን መስቀሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ኩላሊቱ ብዙ ፕሮቲን በሚያፈስስ ሰው ሽንት ውስጥ የሚገኙት የኮሌስትሮል ቅባት ጠብታዎችም ይህንኑ መስቀል ያሳያሉ። በአልኮል ባለፈ ስላይድ ላይ ቅባቱ ስለሚሟሟ ችግሩ እምብዛም አይነሣም፤ ትኩስ ዝቃጭ ሲታይ ግን ይነሣል። መለያው ከሰገራ ምርመራው ጠረጴዛ የሚገኘው የአዮዲን ጠርሙስ ነው፤ ስታርች በአዮዲን ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ ቅባት አይሆንም።

የጤፍ ዱቄትም፣ የስንዴም፣ የገብስም ጨመርሁ። የጤፉ ፍሬ እጅግ ደቃቅና ማዕዘናም ስለሆነ ባክቴሪያ ወይም ዝቃጭ ጨው ይመስላል፤ የስንዴውና የገብሱ ትልልቁ ፍሬ ግን እንደ ምስር ክብና ጠፍጣፋ ነው። ገብሱን ከየት አመጣኸው ለሚለኝ፣ ሩቅ አልሄድሁም፤ በሻይ ሰዓት በሶ የሚበጠበጠው ከናሙና መቀበያው ሁለት እርምጃ ርቆ ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ምግብ መብላት ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ደብዳቤ ጽፌ ከምከራከር ይልቅ ስላይዱን «የዛሬ በሶ» ብዬ በማይክሮስኮፑ ላይ ትቼው ሄድሁ። በማግስቱ በሶው ወደ ውጭ ወጣ።

ከክሮች ሁለት ዓይነት መረጥሁ። የነጠላ ጥጥ በየጥቂት ርቀቱ የተጠማዘዘ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ይመስላል። ከመንዝ የመጣው የባና ጸጉር ግን ድቡልቡል ነው፤ ላዩም እንደ ዓሣ ቅርፊት በተነባበሩ ቅርፊቶች ተሸፍኗል። በዚህ ብርድ አገር በሽተኛውም አስታማሚውም ሱፍ ለብሶ ይመጣልና ይህ ክር ዘወትር እንግዳችን ነው። አጭር ቁራጩ ከኩላሊት ቱቦ የሚወጣውን ካስት፣ ማለትም በቱቦው ቅርጽ የረጋውን ቁራጭ ይመስላል። የካስት ጫፍ ብዙውን ጊዜ የደነዘና ክብ ነው፤ በፖላራይዘርም እንደ ክር አያበራም።

ኅዳር 18

ውርጩ ጀምሯል። ትናንት ማታ ሆን ብዬ አንድ ቱቦ ሽንት ማሞቂያ በሌለው ክፍል ውስጥ አሳደርሁ። ጠዋት ሳየው ግርጌው የሸክላ ቀለም ያለው ድፍርስ ሆኗል። ይህ ዩሬት የተባለው ጨው ነው፤ በአሲዳማ ሽንት ውስጥ ብርድ ሲነካው ይዘቅጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ተመልሶ ይሟሟል። በአልካላይን ሽንት የሚዘቅጠው ፎስፌት ግን በሙቀት አይሟሟም፤ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ አሴቲክ አሲድ ይፈልጋል።

ጥርት ያለ ቅርጽ ያላቸው ክሪስታሎች አያሳስቱም፤ የፖስታ ቅርጽ ያለውን ኦክሳሌት ወይም የሬሳ ሣጥን ክዳን የመሰለውን ትሪፕል ፎስፌት ማንም ይለያል። አሳሳቹ ቅርጽ የለሹ ዱቄት ነው፤ በጤናማ ሴል ኒውክሊየስ ላይ ሲነሰነስ ክሮማቲኑ የሻከረና የተቋጠረ ያስመስለዋል። የሻከረ ክሮማቲን ደግሞ የከፍተኛ ደረጃ ካንሰር ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ በ2022 የተሻሻለው የፓሪስ የሽንት ሳይቶሎጂ ሥርዓት ኒውክሊየሱ ከሴሉ ስፋት ቢያንስ 0.7 እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ከዚህ ጋር የኒውክሊየሱ መጥቆር፣ የጠርዙ መጣመምና የክሮማቲኑ መሻከር ይታያሉ። ስለዚህ የፎከስ መዘውሩን በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ዱቄቱ ከኒውክሊየሱ በላይ ባለ ደረጃ ላይ ይጠራል፤ እርሱ ሲደበዝዝ ኒውክሊየሱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለማሳየት መዘውሩን ሳዞር ጣቴ እስኪደነዝዝ ድረስ አንድ ሴል ላይ ቆየሁ፤ በመጨረሻ ያገኘሁት በመጽሐፍ ከማያቸው ሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው።

ኅዳር 25

ከገጠር የመጡ አንድ አባት ሽንታቸውን በራሳቸው ጠርሙስ ይዘው ቀረቡ። የስኳር ምርመራው ስትሪፕ ቀለሙን ለወጠ፤ በዝቃጩም የሚያቆጠቁጥ እርሾ ነበረበት። ስኳርና እርሾ በአንድነት ሲታዩ የስኳር ሕመም ለማለት ምላስ ይቸኩላል። ይሁን እንጂ በዝቃጩ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት ዓይነት የአበባ ብናኝ አየሁ፤ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ሳይሆን እፍኝ ሙሉ። በክፍት መስኮት የሚገባ ብናኝ እንዲህ አይበዛም፣ እንዲህም አይለያይም።

«አባባ፣ ጠርሙሱ ቀድሞ ምን ነበረበት?» አልኋቸው።

«ማር ነበረበት ልጄ፤ ግን አለቅልቄዋለሁ እኮ!»

በንጹሕ ዕቃ ደግመው ሰጡኝ፤ ስኳሩም፣ እርሾውም፣ ብናኙም የለም። ለማረጋገጥ ከባዛር የገዛሁትን ማር ጥቂት በራሴ ሽንት ላይ ጨምሬ ስላይድ አዘጋጀሁ፤ በሣጥኑ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው። የመቀበያ ክፍሉ ንጹሕ ዕቃ ሲያልቅበት «የራሳችሁን አምጡ» ማለቱን ግን ማስቀረት አልቻልሁም።

ታኅሣሥ 15

ይህንን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመነታሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሽንቷ ደጋግሞ ደም ያሳየ የአንዲት ወጣት ሴት ናሙና ነበር። በአንደኛው ስላይድ ላይ ሦስት የሴል ዘለላዎች አየሁ፦ ኒውክሊየሳቸው ትልቅና ጥቁር፣ ጠርዙ የተጣመመ፣ ኒውክሊዮለሱ (በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለው ነጥብ) የጎላ ነው። ረቂቁን «ለከፍተኛ ደረጃ ካንሰር አጠራጣሪ» ብዬ ጻፍሁና ወደ ፓቶሎጂስቱ ወሰድሁት።

«ዶክተር፣ ይህን ቢያዩልኝ» አልኋቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩና ስለ ሴሎቹ አንድም ነገር ሳይናገሩ «ሁለተኛው ስላይድ የታለ?» አሉኝ። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። «ዛሬ ከዚህ ጋር ምን ምን አቀለምህ?»

መዝገቡን ስገልጥ ከሽንቱ በፊት በዚያው ገንዳ ያለፈው ከደረት የተቀዳ ፈሳሽ ነበር፤ ሴሎቹ የበዙበትና አዴኖካርሲኖማ የተባለው የካንሰር ዓይነት የታየበት ነው። ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን ስናይ ዘለላዎቹ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ የምልክቶቹ ሁሉ ትርጉም ግልጽ ሆነ። ዘለላዎቹ የተቀመጡት ከሌሎቹ ሴሎች በላይ ነበር፤ እነርሱ ሲጠሩ የሽንቱ ቀይ የደም ሴሎች ይደበዝዛሉ። በዙሪያቸውም እነርሱን የሚመስል፣ በመካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ አንድም ሴል አልነበረም። ከተረፈው ዝቃጭ አዲስ ስላይድ ሠርተን በአዲስ አልኮልና በተጣራ ሄማቶክሲሊን (ኒውክሊየስን በሚያቀልመው ቀለም) አቀለምነው፤ ጤናማ ነበር። ወረቀቱ ከክፍሉ አልወጣም፤ እኔን ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መስከረም ላይ መጤ ጊዜ ቢያባክን ነው ብዬ የጻፍሁት ስሕተት ነበር። ከማቅለሚያ ገንዳ ተንሳፍፎ የሚገባ ሴል መጤም መሳይም ነው፤ የእውነት ካንሰር ነው፣ የሰውየዋ ግን አይደለም። ሥዕሉ ልክ ስለሆነ ሥዕል በማጥናት አይያዝም። የሚያዘው በቀለም መዝገብ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ሽንት ቀድሞ፣ ሴል የበዛበት ፈሳሽ ደግሞ በመጨረሻ ይቀለማል። ሄማቶክሲሊኑ በየቀኑ ይጣራል፤ ፈሳሽ ካለፈበት በኋላ አልኮሉ ይለወጣል። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ አንድ ባዶ ስላይድ ተነክሮ ይነበባል። የአልኮሉን ወጪ የሚቆጣጠረው ክፍል ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ የዚያን ቀን ባዶ ስላይድ አሳያቸዋለሁ፤ ባዶ አይደለምና።

ጥር 21

ወደ መሳዮቹ ተሻገርሁ። እነዚህን በሽንት ላይ መጨመር ስለማይቻል ስምና ቁጥር ከተነሣባቸው የቆዩ ስላይዶች ነው የምመርጠው።

አንደኛው አታላይ የሚባለው ሴል ነው፤ ቢኬ በተባለው ቫይረስ የተያዘ የሽንት ቧንቧ ሴል ሲሆን፣ ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1971 ኩላሊት ከተተካለት ሰው የተገኘ ነው። የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ሽንት ውስጥ ይበዛል። ኒውክሊየሱ ትልቅና ጥቁር ስለሆነ በመጠን መለኪያው ብቻ ከሄድን ካንሰር ነው። ነገር ግን ጠርዙ በኮምፓስ የተሠመረ ያህል ክብ ነው፤ ውስጡም ጭጋግ እንደ ያዘው መስታወት የደበዘዘና ወጥ ነው። አንዳንዱ ሳይቶፕላዝሙን በአንድ በኩል እንደ ጅራት ጎትቶ ይታያል። ካንሰሩ ጠርዙ ይጣመማል፣ ውስጡም ይቋጠራል። ሁለቱን በአንድ መለያ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ።

ሁለተኛው ከወንዶች የዘር ከረጢት የሚመጣው ሴል ነው። ኒውክሊየሱ ከአታላዩም የባሰ ያስደነግጣል፤ ሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ግን ወርቅማ ቡናማ ቅንጣቶች አሉ፣ በአቅራቢያውም የወንድ ዘር ይገኛል። በሽማግሌዎች ናሙና ላይ ስለምናገኘው ዘሩን መፈለግ የሚያሳፍረው ባለሙያ አለ፤ ማፈሩ ግን ለታካሚው አይጠቅመውም።

ሦስተኛው የፊኛን የውስጥ ገጽ የሚያለብሰው ጃንጥላ ሴል ነው። ግዙፍ ነው፤ ሁለት ሦስት ኒውክሊየስም ሊኖረው ይችላል፤ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያው ወር ይደነግጥበታል። ሳይቶፕላዝሙ ሰፊ ስለሆነ ንጽጽሩ 0.7 አጠገብም አይደርስም። ብዙ መጻፍ አያስፈልገውም።

በመሣሪያ ወይም በካቴተር የተወሰደ ሽንትና የጠጠር በሽተኛ ሽንት ጤናማ ሴሎችን በዘለላ ያረግፋሉ፤ የተንዠረገገው ዘለላ ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን ፓፒላሪ (እንደ ጣት ወጣ ወጣ ያለ) ዕጢ ይመስላል። ይህን ከስላይዱ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። መጠየቂያ ቅጹ ላይ «ናሙናው እንዴት ተወሰደ?» የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ ሲመጣ ከዛሬ ጀምሮ ስልክ እደውላለሁ።

የካቲት 12

አጭር ማስታወሻ። ኮቨር ስሊፕ (የስላይዱ መሸፈኛ ስስ መስታወት) ሲለጠፍ አየር ከታች ታፍኖ ሴሎቹ ቡናማና የሚያብረቀርቁ ሆኑ፤ የቀለም ጥፋት መስሎኝ ነበር። በዛይሊን (በማሟሚያ ፈሳሽ) አንሥቼ ደግሜ ስለጥፍ ተስተካከለ። የካቴተር ማለስለሻ ጄል ደግሞ በፓፕ ማቅለሚያ ወይን ጠጅ ጉም ሆኖ ይታያል፤ ንፍጥም የሞተ ሕዋስም አይደለም።

መጋቢት 9

ሣጥኑን በሁለት ተለማማጆች ላይ ፈተንሁት፤ መለያ ወረቀቶቹን በፕላስተር ሸፍኜ። ስታርቹን፣ አደዩንና ክሪስታሎቹን ሁለቱም አወቁ። የጽዱን ብናኝ ሁለቱም ሴል አሉት፤ ቅርፊቱን አልፈለጉም። አታላዩን ሴል አንዱ ካንሰር አለው፤ ጠርዙን በጣቱ በአየር ላይ እንዲሥልልኝ ስጠይቀው ክብ ሣለና ሳልነግረው መልሱን ለወጠ። የመንዝ ልጅ የሆነችው ተለማማጅ የሱፉን ክር ገና በ10 ኦብጀክቲቭ ሳለች «ይህማ የባና ጸጉር ነው፣ ጋሼ» ብላ ሳቀች። የተንሳፈፈውን ዘለላ ግን ሁለቱም ካንሰር አሉት፤ ልክ ናቸው። «የማን ካንሰር?» ስላቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ እርስዋ የማቅለሚያ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ ጠየቀችኝ።

በሣጥኑ ውስጥ አንድ ክፍተት ቀርቷል። በጎኑ ሾህ ያለውን የማንሶኒ ቢልሃርዚያ እንቁላል ከሰገራ ምርመራ ወስጄ በሽንት ላይ ጨምሬዋለሁ፤ እርሱ በሽንት ውስጥ ቢገኝ በአብዛኛው ከሰገራ የገባ መጤ ነው። የፊኛው ቢልሃርዚያ እንቁላል ግን ሾሁ በጫፉ ላይ ነው፤ እርሱ መጤ ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው፣ ከፊኛ ስኳመስ (ጠፍጣፋ) ሴል ካንሰር ጋርም ይያያዛል። በአገራችን የሚገኘው በተወሰኑ ቆላዎች፣ ለምሳሌ በአዋሽ ሸለቆና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ ስለሆነ ደጋው ላይ የሚደርሰን ወደዚያ ለሥራ ወርዶ በሚመለስ ሰው ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ በሃያ አራተኛው ቦታ ላይ ባዶ ስላይድ አስገብቼ፣ በእርሳስ «ሾሁ በጫፉ፣ ቦታው ተይዟል» ብዬ ጽፌበታለሁ።